የገዢውስ ሚዛን?

ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረው የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. መስፈርት ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተፈቅዷል። እኛም ጫንጮ ሆነን ስለዚህ ስንጨዋወት አንዱ፣ «ትልልቅ መደብር መጥቶ ዘይትና ሳሙና በረከሰልን!» ሲል ሌላዋ፣ «የሰፈራችን ባለሱቅስ ምን ይብላ?» አለች።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ለድሃ ቤት የዋጋ ቅናሽ የልጆች እራት ነው። ባለሱቁም ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የሚታገሠን ጎረቤታችን ነው።

ስለ ገዢው ልብ ግን ማን ይጠይቃል? በሐሰተኛ ሚዛን ነጋዴውን ስንገሥጽ ኖረናል። ምሳሌ 20፥14 ግን ገዢውን ያጋልጣል፤ ዕቃውን አጣጥሎ ገዝቶ፣ ዞር ሲል የሚኩራራውን።

ያ ሰው እኔ ነበርሁ። በአንድ የገበያ ቀን ቅቤ ይዘው የመጡ እናት እንደመሸባቸው፣ መንገዳቸውም ሩቅ እንደሆነ አይቼ ዋጋ ሰበርሁባቸው። ቤት ገብቼም በኩራት አወራሁት። የእሳቸው ሚዛን ትክክል ነበር፤ ያጎደልሁት እኔ ነኝ።

በርካሽ መግዛት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን፣ «ዋጋው የቀነሰው በሻጩ ብልሃት ነው ወይስ በሌላው ሰው ችግር?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲሱ መደብር ሲከፈትም፣ የባለሱቁን ዱቤ ሳትከፍሉ ደጃፉን አልፋችሁ አትሂዱ።