የተጨመረችው ዜሮ

ሰውን ሳያውቅ መፈተን ይፈቀዳል? ጥያቄውን ያመጣሁት ከፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ ከማንኪራ ነው። ማንኪራ የቡና መገኛ እየተባለች ስሟ የሚነሣ፣ ከቦንጋ ብዙም የማትርቅ፣ ቡና በጫካው ውስጥ ራሱ በቅሎ የሚያፈራባት የከፋ ቀበሌ ናት። እንግዳ ሲመጣ «እናት ቡና» የምትባለውን ዛፍ ያሳዩታል፤ ለእኔም አሳይተውኛል። ቀልቤን የያዘው ግን አብሮኝ የሄደው ወዳጄ ነበር፤ በአጎቱ ደጃፍ፣ ቡና ከተሰጣበት አልጋ አጠገብ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ወዳጄ የሚሠራው ከርነል ላይ ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ሜሞሪን ለየፕሮግራሙ የሚያካፍለው፣ ዲስኩንም ኪቦርዱንም የሚያዘው እርሱ ነው። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ከርነሉ ሲሳሳት ግን ኮምፒውተሩ በሙሉ ቀጥ ይላል፤ የጥፋቱን ምክንያት ሊመዘግብ የሚገባው ክፍል እንኳ አብሮ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፈታኞቹ በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ የማስመሰያ ኮምፒውተር ያስነሡና እርሱን ይገድሉታል። ሊኑክስ የተባለው ከርነልማ ራሱን በራሱ የሚያሰናክልበት መሣሪያ አለው፤ ሜሞሪ ሞልቶ ተርፎ ሳለ «የለም» ብሎ ይመልሳል። የተከለከለው ክፍል ምን ያደርጋል? በሥርዓት ይመለሳል ወይስ ደንግጦ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል? ወዳጄ ያን ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ገደለው። በገደለው ቁጥር ፈገግ ይላል።

ድካሙ ከንቱ እንዳይመስላችሁ። በዚሁ ሊኑክስ ውስጥ «ደርቲ ካው» የተባለ እንከን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኖሯል፤ ተራው ተጠቃሚ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ በር የሚከፍት ነበር።

ማሽኑን መፈተን እንዲህ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ጠባቂዎቹንስ? የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ ጠየቁ። ለሊኑክስ እርማት ከዓለም ዙሪያ ይላካል፤ ኃላፊዎቹ አንብበው ይቀበሉታል ወይም ይጥሉታል። ተመራማሪዎቹ ጠቃሚ መስለው እንከን የሚያስገቡ እርማቶችን በሐሰተኛ ስም ላኩ፤ አንባቢዎቹ ይነቁ እንደሆነ ለማየት። እርማቱ ከመግባቱ በፊት እውነቱን እንናገራለን የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ እንደዚያም አደረግን አሉ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም ነገሩን ተመልክቶ በሰው ላይ የተደረገ ጥናት አይደለም ሲል ወሰነ። (የተፈተነው ሰው ካልሆነ ማን ነበር? የፖስታ ሣጥኑ?) በ2021 ኤፕሪል ከከርነሉ ዋና ጠባቂዎች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮ-ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣውን ሁሉ አገደ፤ ተመራማሪዎቹም ይቅርታ ጠይቀው ጥናታቸውን አነሡ።

ወዳጄ ታሪኩን በከፊኛ ለአጎቱ አጫወታቸው። አዛውንቱ ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ አዳመጡና በአማርኛ ወደ እኔ ዞሩ። «ሚዛን መፈተን የፈለገ፣ ክብደቱ የታወቀ ነገር ያስቀምጥበት። እኔ በጆንያዬ ውስጥ ድንጋይ ደብቄ ብሄድና ብያዝ፣ ‹ስፈትንህ ነው› ብል ማን ያምነኛል?»

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሌባ ቀጠሮ አይሰጥም። ነገ ማታ ትፈተናለህ የተባለ ዘበኛ ነገ ማታን ብቻ ነቅቶ ያድራል። ወዳጄ ለዚህ ከሙያው መልስ አለው፦ የበላዩ ይወቅ፣ ይፍቀድም፤ የሚፈተኑት አይወቁ። ሚኒሶታዎች የጎደላቸው ይኸው ፈቃድ ነበር አለ። ለጊዜው አሳመነኝ። ማታ ጋደም ካልሁ በኋላ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በገባሁበት ጋዜጣ (ስሙ ይቆየን) አንዲት አራሚ ነበረች። አዘጋጁ «ሳታነብ ነው የምታሳልፈው» ብሎ ጠረጠራት። አንድ ቀን እኔ በጻፍሁት ዜና ውስጥ በተማሪዎች ቁጥር ላይ አንዲት ዜሮ ጨመረና «ዝም በል፤ ማተሚያ ቤት ሳይገባ አወጣታለሁ» አለኝ። እርሷ አላየቻትም። እርሱም ለሌላ ጉዳይ ተጠርቶ ሄደና ረሳት። ጋዜጣው ከነዜሮዋ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ተቆጥቶ ደብዳቤ ጻፈ፤ በወሩ መጨረሻ ተሰናበተች።

እንግዲህ በዚያ ፈተና የበላዩ ያውቅ ነበር፤ ፈቃድም ነበረ፤ በጊዜ ይነሣል የሚል ቃልም ነበረ። የወዳጄ መልስ ሁሉ ተሟልቶ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ወዳጄ የሚገድለው የራሱን ማሽን ነው፤ ቢሳሳት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነጋው ራሱ ነው። አዘጋጁ ሲሳሳት ግን ዕዳውን የከፈለች ሌላ ሰው ናት። እናም ፈተና የሚያወጣ ሰው፣ ፈተናው ቢበላሽ ኪሣራው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይናገር ባይ ነኝ፤ «የእኔ ነው» ማለት ካልቻለ ይተወው። እርሷ ሳታነብ ማሳለፏ ጥፋት አልነበረም አልልም። ግን ያሰናበታት ጥፋቷ አይደለም፤ ዜሮዋ ናት።

የእኔስ? ደብዳቤው ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ። ማን እንደጨመራት አውቃለሁ፤ ሥራዬን ፈርቼ አልተናገርሁም። አዘጋጁም በዚያ ዝምታዬ ረክቶ ኖሮ ከዚያ በኋላ የተሻለ ሥራ ይሰጠኝ ጀመር፤ ተቀበልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወዳጄ አሥራ ሁለተኛውን ሲገድል ሞቱ በየትኛው መስመር እንደሆነ አገኘውና አጎቱን ሊያሳያቸው ተጣራ። እኔ ጎን ለጎን ተቀምጬ ይህን እጽፍ ነበር። አራሚዋ ያቺ ዜሮ ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ንባብ ትወድ ስለነበር ይህ መጽሔት እጇ ይገባ ይሆናል።