ቦርጩና ድዱ

ልጄ፣ ሰው «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ሲልህ ደስ ይልሃል። እኔ ግን ስትጉመጠመጥ የተፋኸው ውሃ ቀልቶ አየሁት። «ብሩሹ ጠንክሮ ነው» አልከኝ። ጤነኛ ድድ በየቀኑ ይደማል እንዴ?

ድሬሰር ሆኜ ያረጀሁ ነኝና ስማኝ። ሆድህ ላይ የተከማቸው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ እንዳይመስልህ፤ ሰውነትን የሚያስቆጣ ነገር ወደ ደም ይለቃል። በጥርስና በድድህ መሃል ያለው ቆሻሻ ደግሞ ተህዋስያን የሞላበት ነው። ሰውነት እነሱን ሲዋጋ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል። አስቀድሞ የተቆጣ ሰውነት መጠኑን አያውቅምና ጥርሱ የቆመበትን አጥንት ጭምር ያስበላዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ጃፓኖች 241 ጎልማሶችን መርምረው የድድ በሽታ በወፍራሞቹ ላይ በዝቶ አገኙት፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥናትም አብዛኛው ወደዚያው ያደላል። ቀጭን አይያዝም አላልኩም። ያልጸዳ ጥርስ ማንንም አይምርም።

እኔን የሚያስፈራኝ የድድ በሽታ አለማመሙ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ድዱ እየሸሸ ጥርሱ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ይነቃነቅብሃል። እናትህ ድዷን ስለተነቀሰች መቅላቱ በቀላሉ አይታይባትም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ በሽታው እየባሰበት ደሙ ይቀንስለታል። አንተን መድማቱ ነው ያሳበቀብህ።

ታዲያ የሚደማውን ቦታ ዘለህ አትለፍ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደሙን ፈርቶ ይተወዋል፣ ቆሻሻው ይጋገራል፣ ይብስ ይደማል። ለስላሳ ብሩሽ ይዘህ ጠዋትና ማታ የድዱን ጠርዝ በዝግታ ቦርሽ። የወይራ መፋቂያም ደግ ነው፣ ጫፉን አኝከህ ካፍታታኸው፤ በደረቁ ከወጋህበት ግን ታቆስለዋለህ። የተጋገረውን ግን ሁለቱም አያነሱትም፤ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ጥርስህን አሳጥብ። «እጥበት ጥርስ ያሳሳል» የሚሉህን ተዋቸው። ሳይቃጠል በቅጠል።

በዚያው ስኳርህን ተለካ። ውፍረት ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፣ ስኳር ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና የጥርስ ሐኪሙ ስለ ቦርጭህ ቢጠይቅህ አትቀየም፣ ንገረው።

ጾም ሲገባ ሥጋና ቅቤውን ትተህ በለስላሳና በዳቦ በማርማላታ ትክሰዋለህ፤ እሱ ላይ አንስማማም። ጠርሙሱን ተው፣ የሻይህን ስኳር ቀንስ፣ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመህ እየወረድክ በእግርህ ግባ። ሆድህ ቢጎድልም እጥበቱ አይቀርልህም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስለሌለህ አብረን እንሄዳለን፤ የእኔንም የታችኛውን መንጋጋ የሚያይልኝ እፈልጋለሁ።