ውሳኔውን ተቹ፣ ሰውየውን አክብሩ

ከሽንፈት በኋላ መከራከር ነውር አይደለም። ኳስ የሚወድ ሰው ሽንፈትን ዝም ብሎ አይውጥም፤ «ለምን ተሸነፍን?» ማለት መብቱ ነው። ምክሬ ዝም በሉ የሚል አይደለም። የአሰልጣኙን ውሳኔ እስከ ሥሩ መርምሩ፤ የሰውየውን ዘርና ክብር ግን አትንኩ፤ አብሯችሁ የሚከራከረውንም ወንድም በአንድ ጨዋታ አትጡት።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውን አስታውሱ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በቀረው የመጨረሻ ዙር የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ናይጄሪያን አስተናገዱ። በኃይሉ አሰፋ ያሻገራት ኳስ ግብ ጠባቂውን ኢንየማን አልፋ መረብ ላይ ስታርፍ አገር በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ የናይጄሪያው ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያበቃ ሲልም በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ። በወሩ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በድምሩ 4 ለ 1።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በየቡና ቤቱ አላባራም። ካርቱም ደቡብ ዳር፣ ማዮን በመሳሰለ የስደተኛና የተፈናቃይ ሰፈር፣ ከጦርነቱ በፊት ወገኖቻችን ጀበና ከበው ሲቀመጡ ይሰማ የነበረው ያው ነው። አንዱ «ከመራን በኋላ አሰልጣኙ ለምን አላፈገፈገም?» ይላል። ሌላው «በማፈግፈጉ አይደል እንዴ የተሸነፍነው!» ብሎ ይነሣበታል። ሁለቱም አንድ ሰው ይወቅሳሉ፤ ምክንያታቸው ግን ተቃራኒ ነው። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። ሦስተኛው ተነሥቶ «እሱን ያሰለፈው የወንዙ ልጅ ስለሆነ ነው» ሲል ግን ኳሱ ከሜዳ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ስለ አጥቂና ተከላካይ አይደለም።

የያኔውን የዋልያዎቹን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን በአንድ ምሽት ውጤት የሚለካ ሰው የካርቱሙን ጨዋታ ያስብ። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሱዳን 5 ለ 3 ረታችን። በዚያ ምሽት «ይባረር» ቢባል ማን ይከራከር ነበር? ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባገቧቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳችን ውጭ ካርቱም ላይ ያገባናቸው ሦስት ግቦች ግን በጊዜው ደንብ ሚዛኑን ደፉ፤ አገራችንም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች። በሽንፈቱ ቀን ከንቱ የመሰሉት ግቦች ናቸው ያሳለፉን።

ይህን የምለው አሰልጣኝ አይጠየቅ ለማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳናገባ ተሸንፈን ስንመለስ ሰውነት ከኃላፊነቱ ተነሣ። ተጠያቂነት ይኑር፤ ጥያቄው ግን በሥራው ላይ ይሁን።

እንግዲህ ስትከራከሩ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ አሰልጣኙ በዚያች ደቂቃ ምን ያውቅ እንደነበር ጠይቁ፤ ማን ደክሞ ነበር? ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማን ነበረው? ውጤቱን ካዩ በኋላ ብልህ መሆን ማንንም አያቅትም። ሁለተኛ፣ «መጥፎ ነው» ከማለታችሁ በፊት እናንተ ብትሆኑ ማንን አስወጥታችሁ ማንን እንደምታስገቡ ተናገሩ፤ ያን መመለስ ያልቻለ ትችት ጩኸት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ዘር በተነሣበት ቅጽበት ክርክሩን ቁረጡ፤ የሚያስቆመው ሰው የራሱን ወገን ቀድሞ ይገሥጽ።

በተለይ በስደት ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ የሚነግር፣ ቁራሽ እንጀራ የሚያካፍል፣ የታመመ የሚያነሣ ጎረቤት እንጂ አሰልጣኝ አልነበረም። ዛሬ «አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ!» ብላችሁ የምታዋርዱት ሰው ነገ በራችሁን የሚያንኳኳ ብቸኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ ሲያበቃ ተጨባብጣችሁ ተነሡ፤ ክፉ ቃል ከአፋችሁ ያመለጠም እንደሆነ ሳታድሩ ይቅርታ ጠይቁ።