ኮይሉ ምን አጠፋ?

አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው ሞተር ሳይክል አለው። ሆንዳ ሲቢ 350 ነው፤ ፋብሪካው ከ1968 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) ይሠራው የነበረ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል። ከተነሳም አቀበት ላይ ያስላል። ወዳጄ ካንዴላ ቀየረ፤ ፑንቲና ቀየረ፤ ካርቡራተር አሳጠበ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ተገኘ ተባለ። ኮይሉ ነው! "አርጅቷል፣ እሳቱ ደክሟል" አሉት።

የኮይል ሥራ ከባትሪ የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ ለካንዴላው ማቀበል ነው። ወዳጄ ጠንካራ የተባሉ ሁለት ኮይሎች በውድ ዋጋ አስመጥቶ አስገጠመ። ሞተሩ ትንሽ ተሻለው። ወር ሳይሞላ ግን ከቁልፉ ሥር ያለው የሽቦ ማገናኛ ቀለጠና መንገድ ላይ አስቀረው።

ያን ጊዜ ነው አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ አብሬው የሄድኩት። ሰውየው ኮይሉንም ካንዴላውንም አልነኩም። የቀለጠውን ለጊዜው አያያዙና ቮልት መለኪያቸውን አወጡ። ባትሪው ላይ ለኩ፤ 12.6። ቁልፉን ከፍተው ኮይሉ አፍ ላይ ለኩ፤ 9 ተኩል።

"ይኸውልህ ልጄ፣ ሦስቱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።"

"አዲስ ኮይል እኮ ነው ጋሼ!"

"አዲስ ቢሆንስ? ያልደረሰውን ከየት ያምጣ?"

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ ኮይሉ ጋ እስኪደርስ በፊውዝ፣ በቁልፍ፣ መሪው ላይ ባለው ማጥፊያ፣ በየማገናኛው ያልፋል። እነዚህ ሁሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዝገዋል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቆነጥራል። ከቮልቱ ስድስተኛው እጅ ብቻ ቢጎድል እንኳ ኮይሉ የሚያጠራቅመው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ያጣል። "ጠንካራ" የተባለው ኮይል ደግሞ የበለጠ ይስባል፤ ብዙ በሳበ ቁጥር የዛገው ቦታ ይግላል። ማገናኛውን ያቀለጠው ይኸው ነው።

መካኒኩ ከባትሪ ወደ ኮይል አዲስ ወፍራም ሽቦ በፊውዝ አድርገው ዘረጉ። መሐሉ ላይ ሪሌ አስገቡ። አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ክፈት ዝጋ እያለ ከማዘዝ በቀር ሸክም የለበትም። ከዚያ "ደክመዋል" ተብለው የተጣሉትን አሮጌ ኮይሎች መልሰው ገጠሙ። ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ። "እነዚህ ምን አጠፉ?" አሉ፣ እጃቸውን እየጠረጉ።

ወዳጄ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከብዙ ዓመት በፊት አስተማሪ ነበርኩ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ትቶ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ብጠይቀው ዝም ይላል። ሰነፍ ነው አልኩ። ክፍል ሙሉ ልጅ እየሰማ "ድንጋይ" ብዬዋለሁ። መፍትሔ ያልኩት ደግሞ ከጓደኛው ለይቶ ማስቀመጥና የቤት ሥራ መጨመር ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። ከሄደ በኋላ ነው ጓደኛው የነገረኝ። ለካ ልጁ ከሩቅ አያይም ኖሯል! ከኋላ ወንበር ሆኖ ሰሌዳው ለእሱ ጭጋግ ነበር። አንድ ቀን ወደ ፊት አምጥቼው ቢሆን ኖሮ...

መቼም ጥፋተኛ ስንፈልግ ዓይናችን የሚያርፈው እሳቱ በጠፋበት ጫፍ ላይ ነው። ውጤት ያጣው ተማሪ፣ ፊቱ የማይፈታው የመስኮት ሠራተኛ፣ የጠወለገችው የቤት ሠራተኛ። ኮይል መቀየር ብሎን ፈትቶ ማሰር ነው። ሽቦ መከተል ግን የፊት መብራቱን ቤት ከፍቶ እያንዳንዱን ማገናኛ መዳበስ ይጠይቃል። ደግሞ መጨረሻው ላይ ምን እንደሚገኝ አይታወቅም። አንዳንዴ የዛገው ማገናኛ ጥፋተኛ ፈላጊው ራሱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የተባለውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ስል ጥፋተኛ የሚባል የለም ማለቴ አይደለም። የተቃጠለ ኮይል አለ፤ የደረሰውን ተቀብሎ የማይሠራ ሰውም አለ። ግን ይህን ለማለት መብት ያለው አስቀድሞ የለካ ሰው ነው። መካኒኩ ኮይሎቹን ነጻ ያወጧቸው በርኅራኄ አልነበረም፤ ለክተው ነው። ሰው ላይ ስንፈርድ ግን መለኪያውን ከኪሳችን የምናወጣ ስንቶቻችን ነን?

አሮጌዎቹ ኮይሎች ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ያን ልጅ ግን ወደ ክፍሉ የሚመልሰው የለም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ምናልባት እስከ ዛሬ ራሱን ድንጋይ ነኝ ብሎ ያምን ይሆናል።