ወፍጮና መጅ በቤተ መዘክር

በሰቆጣና በዋግ ደጋ የገበሬ ቤት ሀብት ብዙ አይደለም። ወፍጮና መጅ፤ ከጭቃ የተሠራ ጎታ፤ ጋንና እንስራ፤ ሞሰብ፤ የማር ቀፎ፤ እነዚህን የያዘ ቤት ሙሉ ቤት ይባላል። ይህን ዕቃ ሰብስቦ በቤተ መዘክር ማኖር ይገባልን ቢሉ፤ መልሱ ከማን እጅና በምን ጊዜ እንደ ወጣ በመመርመር ይገኛል።

መሰብሰቡስ ደግ ነው። አርቱር ሃዜሊዩስ የሚባል የስዊድን ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. የገበሬ ቤቶችን ከየአውራጃው አስነቅሎ በስቶክሆልም ከተማ፤ ስካንሰን በሚባል ስፍራ ተከለ፤ ፋብሪካ ኑሮን ሲለውጠው ልጆች የአባቶቻቸውን ምድጃ እንዳይረሱ ነው። በአገራችንም እንደዚሁ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፤ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው ሙዚየሙ፤ የሕዝቡን ዕቃ እንደ ሰው ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት አሰልፎት ይታያል።

ወፍጮን ግን ማንም በናፍቆት ብቻ አይመልከተው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ፤ ጐንበስ ብላ መጁን ስትገፋ የኖረች እናት፤ የሞተር ወፍጮ ሲመጣላት እልል አለች እንጂ አላለቀሰችም። ለባህል ሲባል ፍጪ የሚላት ቢኖር፤ አስቀድሞ እርሱ አንድ ቁና ፈጭቶ ይናገር።

ጭንቁ ወዲህ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ወፍጮንም መጁንም መያዣ አድርጎ መውሰድን ትከለክላለች፤ ነፍስን መያዝ ነውና። ዋግ በ1977 ዓ.ም. በረኃብ፤ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት የተፈተነ አገር ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ባለቤት ዕቃውን በእህል ይለውጣል፤ ወይም ጥሎት ይሰደዳል። በዚያን ቀን የአንዲቱን እናት ሞሰብ በጥቂት ብር የገዛ ሰብሳቢ፤ ከመጥፋት አዳንሁት ቢል፤ ሞሰቡን አዳነ፤ ሴቲቱን ግን አላዳነም። ባልገዛው ማገዶ ይሆን ነበር ይላል፤ እውነት ነው። እንኪያስ በአደራ ይቀበላት፤ ቀን ሲወጣላትና ስትጠይቀው ይመልስላት።

ደግሞም በቅኔ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ በቤተ መዘክር ግን ሰሙ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ ወርቁ ይጠፋ ይሆናል። ሰብሳቢው በመዝገቡ የሞሰቡን ቁመትና ስፋት ብቻ አይጻፍ፤ የሰፋችውን ሴት ስም፤ እርስዋም በኽምጣና ቋንቋ ሞሰቡን የምትጠራበትን ቃል ከአፍዋ ሰምቶ ይጻፍ። አለዚያ ከሰቆጣ ገጠር የመጣ ሕፃን በአያቱ ዕቃ ፊት እንደ እንግዳ ይቆማል።