ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀጥሎ ምን ይነበብ?

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ክርስቲያን ሌላ መጽሐፍ ያስፈልገዋልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። አንደኛው ወገን የእግዚአብሔር ቃል ምሉዕ ስለ ሆነ የሰው ቃል ሊደረብበት አይገባም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ያለ አባቶች ትርጓሜ ቅዱሱን መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የገዛ ሐሳቡን እያነበበ የአምላኩን ቃል ያነበበ ሊመስለው ይችላል ሲል ያስጠነቅቃል። ሁለቱም የሚፈሩት ነገር በእርግጥ የሚደርስ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አይልም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ያጣው የሚመራውን ሰው ነው። ፊልጶስም አጠገቡ የተቀመጠው መጽሐፉን ሊፈታለት እንጂ ሌላ መጽሐፍ ሊተካለት አልነበረም። የኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ይህንኑ ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። የትርጓሜው ጉባኤ በአራት ይከፈላል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያስተምሩ ሲሆኑ የኋለኞቹ ሁለቱ የአባቶችን ድርሳናት ያስተምራሉ። ተማሪው ሊቃውንትን የሚሰማው ለቃሉ አገልጋዮች አድርጎ ነው።

ታዲያ እነዚህ መጻሕፍት የሚሰጡት ምንድን ነው? መልሱ ተጨማሪ ዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ያነበበ ሁሉ ብዙ ያመነ በሆነ ነበር። የአውግስጢኖስ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ354 ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የተወለደው ይህ ሰው በ386 በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ፈላስፎችን አንብቧል፤ የጳውሎስን መልእክታት ይመረምራል፤ የክርስትናን እውነትነትም አእምሮው ተቀብሎታል። የቀረው መታዘዝ ነበር፤ እርሱን ግን ከዛሬ ወደ ነገ ሲያስተላልፈው ኖረ።

በዚያ ሰሞን አንድ የአገሩ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ የግብጻዊውን መናኝ የአባ እንጦንስን ነገር አጫወተው። በትሪር ከተማ ሁለት የቤተ መንግሥት ሹማምንት በአንዲት ጎጆ ውስጥ የእንጦንስን ገድል አግኝተው ሲያነቡ ሹመታቸውን ትተው እንደ መነኑም ነገረው። አውግስጢኖስ አፈረ፤ ያልተማሩት ሲቀድሙት የተማረው እርሱ በምኞቱ ታስሮ መቅረቱ ታወቀው። ወዲያው በአትክልቱ ስፍራ እያለቀሰ ሳለ አንሥቶ እንዲያነብ የሚጋብዝ የሕፃን ድምፅ ሰማ። እንጦንስም በቤተ ክርስቲያን ከተነበበ አንድ የወንጌል ቃል የተነሣ እንደ መነነ አስታውሶ የሮሜን መልእክት ገለጠ። በተከታዩ ዓመት ተጠመቀ። ይህን ሁሉ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ተርኮታል።

የነገሩ ሰንሰለት ልብ ሊባል ይገባዋል። ወንጌል አንድን ሰው ለወጠ፤ የዚያ ሰው ሕይወት በአትናቴዎስ ብዕር መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፉም ሌሎችን መልሶ ወደ ወንጌል ላከ። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ለአክሱም የሾመው ጳጳስ ነው። እርሱ እንደሚተርከው ደግሞ እንጦንስ ፊደል አልቆጠረም ነበር። እንግዲህ መልካም መጽሐፍ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ምክንያት ማሳጣት ነው። ትእዛዙን አውቆ «ይህማ ለሰው አይቻልም» የሚል አንባቢ የፈጸመውን ሰው በፊቱ ቆሞ ያገኘዋል።

ከባዱ ጥያቄ፣ ከራስ ቤት ውጭ የሆነን ሰው ማንበብ ይገባልን የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ማር ይስሐቅ የሚደንቅ ምስክር ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬዋን ቀጠር በሚያጠቃልለው የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተወለደው ይህ አባት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ አምስት ወር ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ። ከሰው አልፎ ለአራዊትና ለአጋንንት ስለሚራራ ልብ የጻፈ ሰው ነው። ከሱርስት ወደ ዓረብኛ፣ ከዓረብኛም ወደ ግእዝ የተሻገረው መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ መነኮሳት መማሪያ ሆነ። ማር ይስሐቅ ግን ንስጥሮሳዊት እየተባለች ስትነቀፍ የኖረች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር። ይህ የሃይማኖት ልዩነት ትንሽ ነው አያሰኝም፤ የቄርሎስ ልጆች ንስጥሮስን አውግዘዋል። ሆኖም ስለ ንስሐና ስለ ጸሎት ከባዕድ ቤት የመጣ ቃል በገዛ ቤታቸው ሲያንጻቸው ኖሯል። የሌላውን ወገን መጽሐፍ ሳይገልጥ የሚያወግዝ ሰው ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቀማል።

ከዚህ ወዲህ ላሉት ዘመናትም ሁለት ሰዎች መጥቀስ ይበቃል። ጆን ባንያን ያለ ፈቃድ በመስበኩ 12 ዓመት ያህል ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1678 የታተመው የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪኩም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአማርኛ ይነበባል። ጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሆፈር በ1937 ስለ ደቀ መዝሙርነት ባሳተመው መጽሐፉ ዋጋ የማያስከፍል ጸጋን ነቀፈ፤ በ1945 በናዚዎች ተሰቀለ። ሁለቱም የጻፉትን ኖረውታል።

ስለዚህ መጻሕፍትን ለሚመርጥ አማኝ መመዘኛው ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ይከብዳል። መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ አንባቢው ወንጌልን መግለጥ ይናፍቃል? የሚፈርደው በራሱ ላይ ነው ወይስ በጎረቤቱ? በአሥር መጻሕፍት ከመሮጥ አንዱን ከወንጌል ጎን አኑሮ በዝግታ ማንበብ፣ ቢቻልም እንደ ጃንደረባው ከሚጠየቅ ሰው ጋር መቀመጥ ይሻላል። በየአጥቢያው ማንበብ የማይችሉ ምእመናን አሉ። እነርሱ የአትናቴዎስንም ሆነ የማር ይስሐቅን መጽሐፍ አይገልጡም፤ ያነበበው ጎረቤታቸው እንዴት እንደሚኖር ግን በየቀኑ ያያሉ።