የሹመት ዝርዝርና የሰው ሕይወት

በኢትዮጵያ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የታወቀ መልክ አለው። ሟቹ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ፊደል ቆጠሩ፤ ሥራ ያዙ፤ በመጨረሻም ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ ይባላል። ሟቹ ጡረታ የወጡ የባንክ ኃላፊ ከሆኑ መካከሉ ይረዝማል፤ ከገንዘብ ያዥነት እስከ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት፣ ከዚያም እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት የተሾሙበት ሁሉ ይዘረዘራል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ቤት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ሰው የሚታወሰው በምኑ ነው የሚለው የቆየ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንክ ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ሲከፈል የተቀጠረ ወጣት፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሲወረሱ አይቷል፤ የ1986ቱ አዋጅ ለኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖች በሩን ዳግም ሲከፍት ደግሞ ወደ ጡረታው ተቃርቧል። በሦስት ሥርዓት ውስጥ የሰው ገንዘብ ሳያጎድሉ ማለፍ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ የሚናገረው ይህን አይደለም። የባንክ ሰው ዋና ምግባር ሳይደረግ በቀረው ውስጥ ነው፦ በዝምድና ወይም በአለቃ ትእዛዝ ያልተሰጠ ብድር፣ ያልወጣ የደንበኛ ምስጢር፣ ያልጎደለ ሒሳብ። ሳይሆን የቀረ ነገር በሠራተኛ ማኅደር አይገባም፤ ዝውውርና የደመወዝ ጭማሪ ግን ይገባል።

አርስቶትል «ኒኮማካዊ ሥነ ምግባር» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ሰው ፍጻሜው ሳይታይ ብፁዕ አይባልም የሚለውን የጥንቱን የግሪክ ጠቢብ የሶሎንን ሐሳብ አንሥቶ ይመረምራል። ለአርስቶትል የመልካም ሕይወት መሠረቱ ዕድል ሳይሆን ምግባር ነው። የልጆች መልካም ወይም ክፉ ዕጣ ለሞተው አባት ይደርሰዋልን ብሎም ይጠይቃል፤ ጥቂት ሊነካው ይችል ይሆናል፣ ብፅዕናውን ግን አይለውጥም ይላል። ሹመት በዚህ ሚዛን ቀላል ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት ከእጅ ይወጣልና፤ ብዙ ባለሥልጣን ስልኩ መጮኽ ሲያቆም ራሱን የሚያጣው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄውን በሌላ መንገድ ትይዘዋለች። በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ «ገብረ ማርያም» ወይም «ኃይለ ሚካኤል» ይሆናሉ፣ ጎረቤታቸው አናጢም እንዲሁ። ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እያለ የሚቀጥለው መታሰቢያም ዓላማው ምሕረት መለመን እንጂ ማሞገስ አይደለም። በድንኳን ብዛትና በድግስ ስፋት የሚለካ ተዝካር ይህን ዓላማ ስቶታል። የባንክ ሥራ መሠረት የሆነውን ወለድን በተመለከተ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለት ፊት ያሳያል፤ መዝሙር 14 ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ያመሰግናል፣ በማቴዎስ 25 ግን የመክሊቱ ጌታ ገንዘቡ ወለድ ባለማምጣቱ ይቆጣል። እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በፍርድ ቀን የሚጠየቀው ግን የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታሰረን መጠየቅ ነው።

በእስልምና የሟች ዕዳ ውርሱ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። ዕድሜውን የሌሎችን ዕዳ ሲቆጣጠር ለኖረ ሰው ይህ ሕግ ልዩ ክብደት አለው። በታወቀው ሐዲስ መሠረትም ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የሚቀሩለት የማይቋረጥ ምጽዋት፣ የሚጠቅም ዕውቀትና የሚጸልይለት መልካም ልጅ ብቻ ናቸው። በቀብር ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፈው ቤተሰብ እዚህ ከሦስቱ አንዱን ቦታ ይይዛል።

ቤተሰቡን በስፋት መተረክ ማለት «ደግ አባት ነበሩ» ብሎ መደጋገም አይደለም። አባት ወደ ደሴ ወይም ወደ ጅማ ሲዛወሩ ልጆች በየጊዜው ትምህርት ቤት ለውጠዋል፤ የእናትየው ሥራ ተቋርጦ ይሆናል፤ በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ አባት አምሽተው የሚገቡበት ቤት ነበር። የአንድ ሰው ሹመት ዋጋው በቤተሰብ ተከፍሏል፣ እውነተኛ መታሰቢያም ይህን ይጨምራል። ስለዚህ የሕይወት ታሪክ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ የመሥሪያ ቤቱን ማኅደር ከመገልበጡ በፊት ባለቤታቸውን፣ ቤቱን ያገለገለችውን ሠራተኛ፣ ከተቻለም ብድር የከለከሉትን ደንበኛ ይጠይቅ።